«እኔ እንጃ» ያለችው ቁራ

ተረት ተረት፤ የመሠረት።

ከደባርቅ ተነስቶ፣ ሳንቃበርን አልፎ ግጭ የደረሰ ሰው ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይቆማል። ጓሳው፣ ጅብራው፣ ከዚያ ደግሞ ገደሉ። ከገደሉ አፋፍ ላይ በአንድ ወቅት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። ጭላዳዎቹ ብዙ ናቸው፤ ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ ይውሉና ማታ ገደል ውስጥ ገብተው ያድራሉ። እመት ቀበሮ ግን ብቻዋን ናት። ቀይዋ፣ እግረ ረጅሟ፤ ወገኖቿ ከአገሩ ሁሉ ተለቅመው ቢቆጠሩ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት 500 መሙላታቸው ያጠራጥራል። ጅብራው ጫፍ ላይ ደግሞ እትዬ ቁራ ትቀመጣለች።

የደጋዋ ቁራ መንቁሯ ጠብደል ነው፤ ማጅራቷ ላይ ነጭ ነገር አለባት። ከኋላ ለሚያያት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቤተ ክርስቲያን ስማ የምትመለስ እናት ትመስላለች። ብዙ ሰው በዚህ ተታሏል።

ወሬ ትወዳለች ማለት አይበቃም፤ ወሬ ነበር ሥራዋ። ማለዳ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ውስጥ ጽዱ ላይ ታርፋለች፤ ረፋዱን ቅዳሜ ገበያ ትዞራለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግጭ ናት። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ሰርግ ላይ ጠላ እንዳነሰ፣ የትኛዋ ሴት ማኅበር ተራዋ ሲደርስ «አሞኛል» ብላ እንደቀረች ታውቃለች። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ እንዳዳናት ይነገራል አይደል? «ያንን ወሬ ስሜን ያደረሰችው ቅድመ አያቴ ናት» ትላለች። ሊሆን ይችላል። ወሬ ሁሉ ሐሜት አይደለም።

እሷም ብትሆን የሚያንገበግባት ነገር ነበር። የተላከ ሰው ሲቀር «የቁራ መልእክተኛ» ይባላል። ከኖኅ መርከብ ወጥታ አልተመለሰችም ተብሎ ስንት ሺህ ዘመን ሲወራባት ኖሯል። ያቺው ቁራ ለነቢዩ ኤልያስ በረሃ ድረስ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ማመላለሷን ግን ማንም ለተረት እንኳ አያነሳው። ሲያሙት ያደገ ማማት ይለምዳል። ይህን የምለው ጥፋቷን ለማቅለል አይደለም፤ ነገሩ ከሥሩ ይታይ ብዬ ነው።

ወሩ ነሐሴ ነበር። ፍልሰታ ገብታለች። ጭላዳዎቹ በጾም ይኮሩ ነበር። ከዝንጀሮ ወገን ሣር እየጋጠ የሚኖር ከእነሱ በቀር የለም፤ ስለዚህ «እኛ ዘንድ ሁዳዴም ፍልሰታም ዓመቱን ሙሉ ነው» ይላሉ። ሥጋ መተው ለእነሱ ምን ይከብዳል? ያላማራቸውን ነው የተዉት። ምላሳቸው ግን ጾም ገብቶ አያውቅም። ጭላዳ ሣር እየነጨ እንኳ አፉ አያርፍም፤ ከጎኑ ካለው ጋር ሲንጫጫ ይውላል። የሚንጫጫው ስለማን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

እመት ቀበሮ በዚህ መንጋ መሐል ትውል ነበር። ልጆቻቸው እሷን አይተው አይደነግጡም፣ እሷም አትነካቸውም። ይህ ለተረት የተፈጠረ አይደለም። መንዝ ጓሳ ላይ ሁለቱን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67ቱ ሲቀናው፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ እንደሚሳካለት ጽፈዋል። አንዱ ሣሩን ሲግጥ ለሌላው አይጥ ይወጣለታል። ጎረቤት ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ከፍልሰታ ቀናት በአንዱ ጭጋግ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳውን ዋጠው። ማታ ልጆች ሲቆጠሩ አንዲት ጎደለች። የወሰዳት ነብር ነው። ይህን አንባቢ ይወቀው እንጂ ያን ቀን ያየ አልነበረም።

ቁራ ያየችው ሌላ ነው። ጭጋጉ ገለጥ ባለበት ቅጽበት እመት ቀበሮ አንገቷን ደፍታ፣ ፀጉራም ነገር በአፏ ይዛ፣ በጓሳው ውስጥ ሹልክ ስትል አየቻት። አየች፤ አልዋሸችም።

ማልዳ ቆቅ ቤት ቡና ላይ «እመት ቀበሮን ትናንት አፏ ሞልቶ አየኋት፤ ምን እንደሆነ እኔ እንጃ» አለች። ይኸው ነው። ሽማግሌ ፊት ቀርባ ቃል በቃል ብትመረመር አንዲት ሐሰት አይገኝባትም። ግን «እኔ እንጃ» ስትል ስኒዋን ቁጭ አድርጋ፣ መንቁሯን ወደ ጭላዳዎቹ ገደል አዞረች፤ ከዚያ ቶሎ ብላ መለሰችው። ጎበዝ ሐሜተኛ እንዲህ ነው። ሲዋሽ አይያዝም። የቀረውን ሰሚው እንዲሞላለት ቀዳዳ ትቶለት ይሄዳል።

ቆቅም አላሳፈረቻትም። ከአቦል እስከ ቶና ስታሰላስል ቆየችና ለሽኮኮ «ቁራ እኮ ቀበሮን የጭላዳ ልጅ የሚያህል ነገር ይዛ አይታታለች» አለችው። «የሚያህል» የምትለዋ ቃል ሽኮኮ ጆሮ አልገባችም። ሽኮኮ ለጭላዳዎቹ ሲያደርስማ ልጅቱ በቀበሮዋ አፍ ውስጥ ሆና «እናቴን!» እያለች ትጮህ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ አምናና ካቻምና የጠፉትም ልጆች ሁሉ በእመት ቀበሮ ተመዘገቡ።

ሽኮኮ በዚህ አላበቃም። በዚያው ምሽት እመት ቀበሮ ደጅ ደረሰ።

«እኔ ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ ነገር ማመላለስ አልወድም» አለና ሁሉንም ዘረገፈው። ቡናው ሲቀርብለት ደግሞ ምክር ጨመረ። «ክሰሻት! ደባርቅ ፍርድ ቤት አጥር ሥር የሚኖር ያጎቴ ልጅ አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ያስቀጣል ብሎኛል። ምስክር ካስፈለገሽ እኔ አለሁ።»

እመት ቀበሮ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። እንዳትከስ፣ ሸንጎ ወጥታም እንዳትከራከር የሚያደርጋት ነገር ነበር። በአፏ ይዛው የነበረው አይጥ ነው። በፍልሰታ! ለልጆቼ ነው እንዳትል ልጅ የላት፤ አሞኝ ነው እንዳትል ጤነኛ ናት። ርቧት ነው የገደፈችው። ነፍሰ ገዳይ አለመሆኗን ለማስረዳት ጾም ገዳፊ መሆኗን መናገር ሊኖርባት ነው፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ ጾመኞች ፊት።

ሲነጋ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ዋልያ ሄደች። አባ ዋልያ በዓታቸው ጨነቅ ገደል ላይ ነው። ጺማም ናቸው፤ ቀንዳቸው ወደ ኋላ ተቆልምሟል፤ እሳቸውም ሆኑ ወገናቸው ከስሜን በቀር አገር የላቸውም።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

የቁራን ነገር ከሥር እስከ ጫፍ አወራች፤ አይጧን መጨረሻ ላይ በግማሽ ቃል ጣል አደረገቻት። አባ ዋልያ ለአይጧ አርባ ስግደት ሰጡና ያ አለቀ። ቀጥለው ጠየቋት።

«ቁራ ያለችሽን ከማን ሰማሽ?»

«ከሽኮኮ።»

«ሲነግርሽ ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ አባቴ፤ ቡና አፈላሁለት።»

«ቆሎስ?»

«ቆሎም ነበረ።»

አባ ዋልያ ጺማቸውን ይዘው ዝም አሉ። «እንግዲያ» አሉ ቆይተው፣ «ያንቺም ቤት ገበያው ነዋ! የቆቅን ቤት ብቻ ለምን እንወቅሳለን?»

እመት ቀበሮ ልትመልስ አፏን ከፍታ ዘጋችው።

ማቴዎስ ምዕራፍ 18 ላይ ለተበደለ ሰው መንገዱ በተራ ተቀምጦለታል። መጀመሪያ ብቻ ለብቻ፣ አልሰማ ካለ አንድ ሁለት ሰው ይዞ፣ ያም ካልሆነ ለጉባኤ። እኛ ክርስቲያን ነን የምንል ሰዎች መንገዱን እናውቀዋለን፤ የምንጀምረው ግን ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ሰፈሩ ይሰማል፣ ቀጥሎ ማኅበርተኛው፣ ቀጥሎ ሰንበቴው፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። በዳይ የተባለችው በመጨረሻ ትሰማለች፤ እሱንም ከሦስተኛ ሰው። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ናት፤ ከቅዳሴ መልስ ከየደጀ ሰላሙ ውጭ ጥቂት ቆም ብሎ ያዳመጠ ሰው ይህንኑ ይሰማል። ጸበል ጸዲቁ ሳያልቅ የስንቱ ጓዳ ተበርብሮ ያልቃል።

«ሂጂና ንገሪያት» አሉ አባ ዋልያ።

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን።»

«አይጧንም?»

«አይጧንም።»

«ለቁራ? አባቴ፣ ለቁራ ከምነግር ቅዳሜ ገበያ መሐል ባስለፍፍ አይሻለኝም?»

«ቁራ በዕድሜዋ ሰው ነግሯት የሰማችው ነገር አለ እንዴ? ስትመጣ ሁሉም ወሬውን ይቆርጣል። የምታወራው በስንጥቅ ያየችውን ነው። ሙሉውን የሚነግራት ብታገኝ ምን እንደምታደርግ እኔም አላውቅ።»

«ብታወራውስ?»

«ብታወራው እውነት ታወራለች። ከዛሬው ይሻላል።»

እመት ቀበሮ በሶ ቋጥራ ሄደች። ዝናቡ ያካፋል። ቁራ ጅብራው ጫፍ ላይ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣለች።

«እንደምን ዋልሽ እትዬ ቁራ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ እታለም?» አለች ቁራ፤ አንድ ዓይኗ ቋጠሮው ላይ፣ ሌላው መሸሻው ላይ ነበር። ለጠብ ተዘጋጅታለች፤ ለጠብ የሚሆን መልስ ሞልቷታል። ጠያቂ ሳይኖርም ጀመረችው። «እኔ እንደሆንሁ ምንም አላልሁ። እኔ እንጃ ነው ያልሁ።»

«አውቃለሁ። ያየሽውም እውነት ነው። አይጥ ነበር። ርቦኝ ገደፍሁ።»

ቁራ እንደ ጅብራው ተገትራ ቀረች።

«ለምን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?»

«ያየሽኝ አንቺ ነሻ። ከሰው አፍ ከምሰማው ካንቺው ጋር እንነጋገረው ብዬ ነው። ደግሞ ልጇን ያጣችውን እናት ተመልከቻት። እኔን ስትጠብቅ ልጇን የወሰደው ተመልሶ ይመጣባታል። ወሬሽ እኔን መጉዳቱ ይሁን፤ እሷን ግን አጋልጦ ሰጣት።»

ቁራ መልስ አልነበራትም። እመት ቀበሮ በሶውን ከጅብራው ሥር አስቀመጠችላት፤ ልትሄድ ፊቷን ካዞረች በኋላ ግን ቆመች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ስለ እኔ መጠየቅ የምትፈልጊው ካለ ደጄ ክፍት ነው። ስለ ሌላ ሰው ከሆነ ግን እኔ ቤት ቡና የለም።»

ያን ሌሊት ቁራ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከዚህ በፊት ያገኘቻት ወሬ ሁሉ ፍርፋሪ ነበረች፤ ግማሽ ቃል፣ ጥላ፣ የበር ስንጥቅ። ይህቺ ግን ሙሉ ናት፤ ከባለቤቷ እጅ የተሰጠች። ቀበሮ በፍልሰታ አይጥ በላች! ጎንደር ድረስ፣ ከዚያም አልፋ አዘዞ ድረስ የምታስበርር ወሬ ነበረች። ተነስታ ወደ ቆቅ ቤት በረረች፤ ከደጁ ተመለሰች። ደግሞ ተነሳች፤ ደግሞ ተመለሰች። ከበሶው ቆንጠር አደረገች። እሷ ዘንድ ቋጠሮ ይዞ የመጣ ጎረቤት ማን እንደነበር ልታስታውስ ሞከረች፤ ማንም አልመጣላትም።

በማግሥቱ ሸንጎ ተቀመጠ። ዳኛው አያ ጎፈሬ ነው፤ ጎፈሩ ትከሻውን የሸፈነ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ያለው አውራው ጭላዳ። የተመከረው እመት ቀበሮን ማግለል ነበር፤ እሳት የሚያጭራት፣ ውሃ የሚያቀብላት፣ ብትሞት የሚቀብራት እንዳይኖር።

«ምስክር አለ?» አለ አያ ጎፈሬ።

«እኔ አለሁ!» አለ ሽኮኮ።

«አይተሃል?»

«ከቆቅ ሰምቻለሁ።»

«እኔ የሚያህል ነው ያልሁ» አለች ቆቅ ቶሎ ብላ።

ቁራ ተጠራች። «እትዬ ቁራ፣ በቀበሮ አፍ ያየሻት ልጅቱን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

የቁራ መንቁር ተከፈተ። ሽኮኮ በኋላ እግሩ ቆመ። የሚነጭ አንድ ጭላዳ አልነበረም።

«እሱ» አለች ቁራ፣ «የንስሐ አባቷ ጉዳይ ነው።»

ለቁራ ይህ ትልቅ ገድል ነው። ሸንጎውን ግን አልሸነገለውም። በፍልሰታ፣ በአፍ የተያዘ፣ የንስሐ አባት ጉዳይ የሆነ ነገር ምን እንደሆነ የማይገባው ጭላዳ የት ይገኛል? ጉርምርምታው ከዳር እስከ ዳር ተነሳ። ምስጢር መጠበቅ የጀመረችው ገና በዚያ ሌሊት ነውና አልቻለችበትም፤ እንፍረድባት ካልን በዚህ ብቻ ነው።

እመት ቀበሮ ከጥግ ተነሳች። «አይጥ ነው። ገድፌያለሁ። አርባ ስግደት ተሰጥቶኛል፤ ሠላሳው ይቀረኛል።»

ከጾመኞቹ አንዳንዶቹ «ይህማ ከዚያኛው አይተናነስም» ብለው ጀመሩ። ከነፍሰ ገዳይነት ነጻ የወጣችን ጎረቤት በአይጥ ሊያባርሯት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ያን ጊዜ የልጅቱ እናት ተነሳች። ከጠፋችበት ቀን ጀምሮ ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

«ልጄ ከጠፋች ጀምሮ ሁላችሁም ቀበሮ፣ ቀበሮ ትላላችሁ» አለች። «ልጄን የፈለገ ግን አንድ ሰው አላየሁም። እዚህ ተቀምጦ ስለ ልጄ ያላወራ የለም፤ ዱካዋን ያየ ማን አለ?»

ማንም አልነበረም። ሸንጎው በዚያው ተበተነ፤ ፍርዱም አልተነበበ። ወደ ጅንባር የወረዱት ጎልማሶች ፏፏቴው አጠገብ ጭቃው ላይ የነብር ዱካ አገኙ። ዝናብ ግማሹን አጥቦታል። በመጀመሪያው ቀን ሄደው ቢሆን ኖሮ ልጅቱን ያገኟት ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ያነሳ አልነበረም፤ ሁሉም ግን ያን ማታ አቀርቅሮ ገባ።

ቁራ ከዚያ ወዲያ ወሬ እርግፍ አድርጋ ተወች ቢባል ተረት እንኳ አይችለው። ሳምንት ሳይሞላ የአንድ ደብር አለቃ በቅሎ ከማን በረት እንዳደረች ለቆቅ ስታወራ ነበር። እመት ቀበሮም ጓዳዋን አልከፈተችላትም። ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል እንዲሉ፣ ከሰው ትበደረው የነበረውን ሙቀጫና ምጣድ የራሷን ገዛች። ጅብራው ሥር ማለፍ የሚያስጠላት ቀን በሌላ መንገድ ትዞራለች፤ አባ ዋልያም ይህን ኃጢአት አላሉትም። ሰላምታዋን ግን አላቋረጠችም፤ ለበዓል ከዝክሯ ድርሻ ታደርስላታለች።

ሽኮኮ እንደ ልማዱ መጣ። «እኔ ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ፣ ቆቅ ስለ አንቺ ምን እንዳለች ብትሰሚ…»

«ቆይ» አለችው እመት ቀበሮ፣ በሩ ላይ እንደቆመች። «እሷን እንጥራትና አብረን እንስማው።»

ሽኮኮ ቤት ውስጥ የተወው ሥራ ትዝ አለው።

መስከረም ጠብቶ፣ አንድ አመሻሽ ላይ ጭጋጉ ተመልሶ ወጣ። ጭላዳዎቹ ከሜዳው ገና አልተሰበሰቡም። ቁራ ከጅብራው ጫፍ ተነስታ «ነብር! በጅንባር በኩል ነብር!» እያለች ጮኸች። ጭላዳዎቹ ቀና አሉ፤ ተያዩ። «ዛሬ ደግሞ ምን አመጣችብን?» አለ አንዱ። «አይታ ነው ወይስ እኔ እንጃ ነው?» አለ ሌላው፤ ሳቁ። ወደ ሣራቸው ተመለሱ።

እመት ቀበሮ አልሳቀችም። ይህቺ ቁራ አንድ ሌሊት ሙሉ ምን ይዛ እንዳደረች ታውቃለች። እየጮኸች በመንጋው መሐል ገብታ ሮጠች፤ ልጆቹ ደንግጠው ወደ ገደሉ ተፈተለኩ፣ እናቶቹ ተከተሏቸው፣ አያ ጎፈሬ በመጨረሻ። ነብሩ ከጓሳው ሲወጣ ሜዳው ላይ የተነጨ ሣር ብቻ ጠበቀው።

ሲረጋጋ እመት ቀበሮ ትንፋሿን እየሰበሰበች ከጅብራው ሥር መጣች።

«እትዬ ቁራ!»

«አቤት።»

«በዓይንሽ ነው ያየሽው?»

«በዓይኔ! ነጠብጣቡ ሳይቀር።»

«እንግዲያ ይህንን አውሪው።»

«ለማን ለማን?»

«ለሁሉም። ሽኮኮ ሳይቀድምሽ ግን።»

ይህን ስትል ቁራ ወደ ቆቅ ቤት ግማሽ መንገድ ሄዳለች።